ከበረዶው ዳርቻ እስከ ሊበን ሜዳ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

  ከብት አሰማርታችሁ የተመለሳችሁ አባቶች፣ ውሃ ቀድታችሁ የገባችሁ እናቶችና እህቶች፣ በተፈጥሮ ክበብ ተሰብስባችሁ ከመምህራችሁ ጋር የምታዳምጡ ተማሪዎች፣ እንኳን ለዛሬው ትምህርታችን አደረሳችሁ።

ዛሬ ሩቅ እንሄዳለን። መድረሻችን የምድር ሰሜናዊ ጫፍ፣ አርክቲክ ነው። በየዓመቱ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከየአገሩ የሚመጡ ጎብኚዎች በመርከብ ወደዚያ ይጓዛሉ። ከመርከቡ በትንንሽ ጀልባ ወርደው፣ የባሕሩን ዳርቻ ረግጠው፣ በረዶውንና የበረዶውን እንስሳት ያያሉ። ሲወርዱ ግን እንደፈለጉ አይደለም፤ እያንዳንዱ እርምጃቸው በሥርዓት የታሰረ ነው።

ይህን ሥርዓት አብረን እናጠናለን። ምክንያቱም እዚሁ ከነገሌ ከተማ ወጣ ብሎ የተዘረጋው የሊበን ሜዳ ከዋልታው ድብ እጅግ ያነሰ ቁጥር ያላት ወፍ መኖሪያ ነው። ሰው ለበረዶው ዳርቻ ያን ያህል የሚጠነቀቅ ከሆነ፣ ለዚህ ሜዳ ከዚያ የበለጠ ጥንቃቄ ይገባል። የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ተማሪዎች፣ የዓለም ካርታ ካላችሁ አውጡ። ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን አምስት ዲግሪ አለፍ ብላ ትገኛለች። አርክቲክ የሚጀምረው ከ66 ዲግሪ ተኩል ነው። ብዙ ጎብኚ የሚሄድበት የኖርዌይ ግዛት የሆነው ስቫልባርድ ደግሞ ከ74 እስከ 81 ዲግሪ ባለው መካከል የተበተኑ ደሴቶች ስብስብ ነው። ዋና ከተማው ሎንግየርብየን ይባላል።

በእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ምንም አይቀራቸውም። በነገሌ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። በሎንግየርብየን ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ጨርሳ አትጠልቅም። በእኩለ ሌሊትም ሰማይ ላይ ናት። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ደግሞ ጨርሳ አትወጣም። ለዚህ ምክንያቱ ምድር ፀሐይን ስትዞር ቀጥ ብላ አለመቆሟ ነው፤ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ዘንበል ብላ ነው የምትዞረው። ስለዚህ የሰሜኑ ጫፍ ግማሹን ዓመት ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ ግማሹን ዓመት ደግሞ ፊቱን ያዞራል።

ይህ የማያልቅ ቀን ለሕይወት ትልቅ በረከት ነው። በዚያች አጭር በጋ ሣሩ ይበቅላል፣ ነፍሳት ይፈላሉ፣ ባሕሩም በዓሣና በጥቃቅን ፍጥረታት ይሞላል። ወፎች በሚሊዮን እየሆኑ ወደዚያ ሄደው የሚፈለፍሉት ለዚህ ነው። ጫጩታቸውን ሌሊት ሳያቋርጣቸው ይመግባሉ። ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹ ወደ እኛም ይመጣሉ፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን።

አሁን ስለ በረዶው። በአርክቲክ ሁለት ዓይነት በረዶ አለ። አንደኛው በየብስ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየተከማቸና እየተጫነ የጠጠረው ግግር በረዶ ነው። ከስቫልባርድ ምድር ከግማሽ በላይ የሆነው በዚህ ግግር የተሸፈነ ነው። ግግሩ የቆመ ቢመስልም ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይወርዳል። ጫፉ ባሕሩ ላይ ሲደርስ እየተገመሰ ይወድቅና ተራራ የሚያህል ተንሳፋፊ በረዶ ይሆናል። ከዚያ ተንሳፋፊ በረዶ ከውሃው በላይ የሚታየው አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ውሃው ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ራሱ ባሕሩ ሲረጋ የሚፈጠረው የባሕር በረዶ ነው። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ እንደ ምንጭ ውሃ በዜሮ ዲግሪ አይረጋም፤ ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ያህል መውረድ አለበት። እዚህ ላይ የሜጋና የዲሎ ሰዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። የኤል ሶድን ጨው ቤት ታውቁታላችሁ። በዚያ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተኛው ጥቁር ሐይቅ ፀሐይ ውሃውን እያተነነች ጨውን ታስቀራለች። ሰዎች ገብተው ጨዉን ከታች ያወጣሉ፣ አህዮችም በዚያ አቀበት ተሸክመው ይወጣሉ። በአርክቲክ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ብርዱ ውሃውን ሲያረጋ ጨዉን ገፍቶ ያስወጣል። ጨዉ ወደ ባሕሩ ጥልቀት ይወርዳል፤ በረዶው ደግሞ እያረጀ በሄደ ቁጥር ጨዉ እየተለየው ይጣፍጣል። ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ የባሕር በረዶ ቀልጦ ለመጠጥ ይሆናል። የዋልታው ነባር ሕዝቦች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በኤል ሶድ ሙቀት፣ በአርክቲክ ብርድ፤ ሁለቱም ጨውን ከውሃ ይለያሉ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲህ ጎብኚዎቹ መርከባቸው ከዳርቻው ራቅ ብሎ ቆሟል እንበል። ምን ያደርጋሉ?

ከሁሉ በፊት የሚወርዱት አስጎብኚዎቹ ናቸው። አካባቢውን በሩቅ ማሳያ መነጽር ይቃኛሉ፤ ከኮረብታው ጀርባ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ከበረዶው ላይ ነጭ ድብ አለመኖሩን ያረጋግጣሉ። የዋልታ ድብ ሰውን ሊያጠቃ ስለሚችል ጠመንጃ ይይዛሉ፤ የሥራቸው ዋና ዓላማ ግን ጠመንጃው እንዳያስፈልግ ማድረግ ነው። ድብ ከታየ መውረዱ ይቀራል። ጎብኚው ከሌላው የዓለም ጫፍ የመጣም ቢሆን፣ ብዙ ገንዘብ የከፈለም ቢሆን ይቀራል። ቦታው የድቡ ነውና።

ቀጥሎ ጫማ ይጸዳል። እያንዳንዱ ተጓዥ ከመውረዱ በፊት ቦት ጫማውን ያጥባል፣ በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽም ያስነካል። ልብሱና ቦርሳው ላይ የተጣበቀ የሣር ፍሬ ካለ ይለቀማል። ምክንያቱም በአንድ ጫማ ሥር የተሸከምነው ባዕድ ዘር ወይም የወፍ በሽታ ያን ምድር ሊያበላሽ ይችላል።

ከዚያ ወደ ጎማ ጀልባው ይገባሉ። አንድ ጀልባ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል። ወደ ግግሩ ግድግዳ አይጠጉም፤ ግግሩ ሲገመስ የሚያስነሳው ማዕበል ጀልባ ይገለብጣልና። ዳርቻው ላይ ሲደርሱ በተመደበላቸው መስመር ይሄዳሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የወፍ ጎጆ ያለበትን ቦታ ይዞራሉ፤ ድንጋይ፣ አጥንት፣ አበባ አያነሱም። ሲመለሱም የወረደው ሰው ቁጥር ከተመለሰው ጋር መመሳሰሉ ይረጋገጣል።

ይህ በፈቃደኝነት ብቻ የሚደረግ አይደለም። የአርክቲክ አስጎብኚ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2003 ማኅበር መሥርተው የጋራ መመሪያ አወጡ። የኖርዌይ መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ በስቫልባርድ ሕጉን አጠበቀ። ወደ ጥብቅ ሥፍራዎች የሚገቡ መርከቦች ከ200 በላይ ተጓዥ መያዝ አይችሉም፤ መውረጃ ቦታዎቹም ተለይተው ተቆጥረዋል። ከዋልታ ድብ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። እናት ድብ ከግልገሎቿ ጋር በምትንቀሳቀስባቸው ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ባሉት ወራት ርቀቱ ወደ 500 ሜትር ከፍ ይላል።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ አለው ወይ? አለው። ዋልረስ የሚባለው ባለ ረጅም ጥርስ የባሕር እንስሳ በስቫልባርድ ለሦስት መቶ ዓመታት ከዚያም በላይ ለጥርሱና ለስቡ ታድኖ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 አደኑ ተከለከለ። ዛሬ ዋልረሶቹ በዳርቻው ላይ ተደርድረው ሲያርፉ ይታያሉ፤ ቁጥራቸውም እየጨመረ ነው። የዋልታ ድብን በተመለከተ ደግሞ ድቡ የሚኖርባቸው አምስት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1973 በኦስሎ ተሰብስበው የጥበቃ ስምምነት ፈረሙ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በብዙ ነገር የማይስማሙት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በዚህ ተስማሙ። ሰው ከወሰነ የደከመ ፍጡር ያንሠራራል። ይህንን ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

በዓለም ላይ ያሉት የዋልታ ድቦች 26 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ባለሙያዎች ይገምታሉ። በሊበን ሜዳ ላይ የምትኖረው የሊበን ላርክ ግን እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ተመራማሪዎች ሜዳውን በእግራቸው እየተመላለሱ ሲቆጥሩ የደረሱበት ግምት ከ90 እስከ 256 ብቻ ነበር። በ2009 ሲመለሱ ከዚያም ቀንሳ አገኟት። በዚያን ጊዜ የዓለም የወፍ ባለሙያዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አሰሙ፤ በአፍሪካ ዋና ምድር በታወቀ ዘመን ከሁሉ በፊት የምትጠፋው ወፍ ይህቺ ልትሆን ትችላለች አሉ።

ይህቺ ወፍ ለዓይን አታስደንቅም። ትንሽ ናት፤ ቀለሟ የደረቀ ሣር ነው። ሣር ውስጥ ትሮጣለች እንጂ ብዙ አትታይም። ወንዱ የገና ዝናብ፣ ማለትም የቦረና ዋናው ዝናብ፣ ጥሎ ሣሩ ሲያድግ ወደ ሰማይ ተነሥቶ ይዘምራል፤ ሴቷ ጎጆዋን መሬት ላይ፣ በሣር ጉቶ ሥር ትሠራለች። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ክርስቲያን ኤራር እ.ኤ.አ. በ1968 ከነገሌ አጠገብ አገኛት፤ በ1975 ለሳይንስ አስተዋወቃት። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረ መል ጥናት በጅጅጋ ሜዳ ካለችውና በሶማሌላንድ ከ1922 ወዲህ ካልታየችው ላርክ ጋር አንድ ዝርያ መሆኗን አሳየ። እንግዲህ በዓለም ላይ የቀሯት መኖሪያዎች የሊበን ሜዳና የጅጅጋ አካባቢ ናቸው ማለት ነው።

ለምን ቀነሰች? ይህን በጥሞና እንስማ፤ ምክንያቱም መልሱ ስለ ከብቶቻችንም ነው። የላርኳ ሕይወት ከፍ ባለ ሣር ላይ ይቆማል። ሣር ከሌለ ጎጆዋ ይጋለጣል፤ እንቁላሏን አዳኝ ይወስደዋል። የቦረና አርብቶ አደር በቀደመው ዘመን እንደ ዝናቡ ይዘዋወር ነበር፤ ሜዳው ያርፍ ነበር፤ ሣሩ ይመለስ ነበር። ሽማግሌዎች ቁጥቋጦው እንዳይወር በየጊዜው ሣሩን በሥርዓት ያቃጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠሉ በመንግሥት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ እሾሃማው ግራር ሜዳውን እየበላ መጣ። ሠፈር ሰፋ፣ የእርሻ መሬት ተቆረሰ፣ መዘዋወሩ ጠበበ፤ በቀረው ሜዳ ላይ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ ይግጣል። እንግዲህ ላርኳን ያሳጣት ነገር ላሚቱንም ያከሳታል። የወፏ ጠላት ከብቱ አይደለም። ሁለቱም የሚሹት አንድ ሣር ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ከቦረና ልማድ ወጥቷል። ካሎን ታውቃላችሁ፤ ለጥጃና ለደካማ ከብት ተብሎ የሚታጠር የሣር ክልል ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ ሶስ ሳህል ኢትዮጵያና የውጭ አጋሮቻቸው ከሊበን ነዋሪዎች ጋር ሆነው በሜዳው ላይ የጋራ ካሎዎች እንዲከለሉ፣ ወራሪው ቁጥቋጦም እንዲመነጠር ረድተዋል። በካሎው ውስጥ ሣሩ ተመልሷል፤ ላርኳም ወደዚያ ሄዳለች። በደረቁ ወራት ደግሞ ሣሩ ለከብቱ ደርሷል። ስቫልባርድ ላይ ዋልረሱን የመለሰው ሕግ ከሩቅ ዋና ከተማ የወጣ ነው፤ ሊበን ላይ ሣሩን የመለሰው ሥርዓት ከራሱ ከሕዝቡ የወጣ ነው። በዚህ ልንኮራ ይገባናል።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከሊበን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ያቤሎ፣ ሜጋና አሬሮ ስንሻገር ሌላ በዓለም የትም የማትገኝ ወፍ አለች። አካሏ ግራጫ፣ ክንፍና ጭራዋ ጥቁር፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሰማያዊ ነው። የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ እንበላት። የያቤሎ ልጆች ከብት ሲጠብቁ በየቀኑ ያዩዋታል፤ በከብቶቹ መካከል እየተራመደች እበት እየገለበጠች ትል ትለቅማለች፤ በግራር ላይ ክብ ጎጆ ትሠራለች። ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ ያሳወቃት ናት።

ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎችን ያስጨነቀ ጥያቄ ነበር። ይህቺ ወፍ ግራርም፣ ሣርም፣ ከብትም በብዙ ቦታ እያለ ለምን ከያቤሎ ዙሪያ አትወጣም? እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት መልሱን በሙቀት ውስጥ አገኘው። እሷ የምትኖርበት መሬት አማካይ የዓመት ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነ፣ በሞቃት ቆላ የተከበበ ቀዝቃዛ ደሴት ነው። ከዚያ ወጣ ስትል ሙቀቱ ይበረታባታል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወፎቹን በመስክ ሲከታተሉ፣ ቀኑ ሲግል አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ፣ ጥላ ሲፈልጉ፣ ምግብ መልቀማቸውን ሲቀንሱ አዩ። ምድር አሁን በያዘችው መንገድ መሞቋን ከቀጠለች፣ እ.ኤ.አ. በ2070 ለዚህች ወፍ የሚስማማው መሬት 90 በመቶ ያህሉ ሊጠፋ እንደሚችል አስልተዋል። በዚያው አካባቢ የምትኖረውና በቦረና ጎጆ ቤቶች ውስጥ ጎጆዋን የምትሠራው ባለ ነጭ ጭራ ስዋሎውም ከግማሽ በላይ መኖሪያዋን ልታጣ ትችላለች።

እዚህ ላይ ነው አርክቲክና ያቤሎ የሚገናኙት። የዋልታ ድብ የሚያድነው አቆስጣን ነው፤ አቆስጣን የሚያድነው በባሕር በረዶ ላይ ቆሞ ነው። በረዶው ሲሳሳ ድቡ ይራባል። ሳተላይት መመዝገብ ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ በፈረንጆች ሴፕቴምበር ወር የሚቀረው የባሕር በረዶ በየአሥር ዓመቱ 12 በመቶ ያህል እየቀነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ወርዶ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዘገበ። አርክቲክ ከቀረው ዓለም አራት እጥፍ ገደማ በሆነ ፍጥነት እየሞቀ ነው።

ለምን እዚያ ይፈጥናል? ፀሐይ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሰና ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው እኩል አይሞቃቸውም። በረዶው የምድር ነጭ ነጠላ ነው፤ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ሲቀልጥ የሚገለጠው ጥቁር ባሕር ነው፤ ባሕሩ ሙቀቱን ይውጠዋል። የተዋጠው ሙቀት ደግሞ ተጨማሪ በረዶ ያቀልጣል። አንዱ ሌላውን እያባሰ ይሄዳል።

ድቡና ቁራዋ ብቻ አይደሉም የሚጎዱት። በሰሜን ሩሲያ የያማል ልሳነ ምድር ላይ ኔኔትስ የሚባሉ አርብቶ አደሮች አሉ። ሀብታቸው የዋልታ አጋዘን ነው፤ እንደ ቦረና ከወቅቱ ጋር ይዘዋወራሉ። አጋዘኖቹ በክረምት በረዶውን በኮቴያቸው እየጫሩ ከሥሩ ያለውን ግጦሽ ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 በበረዶው ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ዘነበና ረግቶ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ግጦሹ ከሥር ተቆለፈ። በዚያ ክረምት 61 ሺህ አጋዘን በረሃብ አለቀ። የእኛም ሕዝብ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከዱት ምን እንደደረሰ አድማጮቻችን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። በአንዱ ጫፍ ዝናብ ያለ ወቅቱ መጥቶ፣ በሌላው ጫፍ በወቅቱ ሳይመጣ ቀርቶ፣ አርብቶ አደሩ ከመንጋው ተለየ። የአየር ንብረት ለውጥን ካመጣው ጭስ የቦረናም የኔኔትስም ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው፤ መፍትሔውም ብዙ ጭስ ካወጡት አገሮች መጠየቅ አለበት።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ወደ ወፎቹ እመለሳለሁ ብያችሁ ነበር። ኖርዘርን ዊቲር የምትባል ወፍ አለች። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። ስትበር ከጭራዋ በላይ ያለው ነጭ ይታያል፤ መሬት ላይ ስታርፍ ቀጥ ብላ ትቆምና ብድግ ቁጭ ትላለች። ከአርክቲክ አላስካ ጀምሮ እስከ አውሮፓ ድረስ በሰፊው የሰሜን ምድር ትፈለፍላለች። ተመራማሪዎች በአላስካ የተያዙ ዊቲሮች ጀርባ ላይ ጥቃቅን መቅጃ አስረው ለቀቋቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ወፎቹ መላውን እስያ አቋርጠው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 14 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በርረው ምሥራቅ አፍሪካ ደረሱ። መምጫው ሦስት ወር ያህል፣ መመለሻው ሁለት ወር ያህል ፈጀባቸው።

ዊቲር ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በእኛም ሜዳዎች ላይ ትታያለች። በሀሮና በኩሬ ዳር፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ደግሞ ሊትል ስቲንት የምትባለው ከሰሜን ስካንዲኔቪያና ከሳይቤሪያ የምትመጣ ደቃቃ የውሃ ዳር ወፍ ጭቃውን ስትጠቀጥቅ ታገኟታላችሁ። ስለዚህ የሊበን ሣር ሲጠፋ፣ የቦረና ኩሬ ሲደርቅ፣ የሚጎዳው የእኛ ብቻ አይደለም። እዚያ ጎብኚዎቹ ጫማቸውን አጥበው የወረዱበት ዳርቻ ላይ የተፈለፈለች ወፍ እዚህ ምግብ ታጣለች። ለሰሜኑ ጥበቃ መሟላት የእኛም ጥበቃ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የሊበን ሜዳን፣ የያቤሎን ግራር ወይም የገናሌን ወንዝ ዳር የሚጎበኝ ሰው ምን ሥርዓት ይጠብቅ? ሥርዓት ለቦረና አዲስ አይደለም። በቱላ ጉድጓድ ማንም መንጋውን እየነዳ ዘው አይልም፤ ተራ አለ፣ ተራውን የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ አለ። ለሜዳውም ያንኑ ክብር እንስጠው።

አንደኛ፣ ከመግባታችሁ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ መንገድ የሚያሳያችሁን የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለድካሙም ክፈሉት። ሁለተኛ፣ መኪና ከመንገድ አይውጣ፤ የጎማ ዱካ ሣሩን ይገድላል፣ የመሬት ጎጆ ይጨፈልቃል። ሦስተኛ፣ በገና ዝናብና ከዚያ በኋላ ባሉት የመራቢያ ሳምንታት በረጅሙ ሣር ውስጥ አትመላለሱ፤ ከዳር ቆማችሁ በሩቅ ማሳያ መነጽር እዩ። አራተኛ፣ የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወታችሁ ወፏን አትጥሩ፤ ለማረፍና ለመመገብ የሚያስፈልጋትን ጉልበት ታባክኑባታላችሁ። አምስተኛ፣ እንቁላል፣ ላባ፣ ጎጆ አይነሣ፤ ፌስታልና የውሃ ላስቲክ አይጣል። ስድስተኛ፣ የካሎ አጥር ይከበር።

ሰባተኛው ይበልጥ የተማሪዎች ነው፤ ያያችሁትን ጻፉ። ለዚህ ከዚሁ ከአካባቢያችን አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1893 ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የሚባል ጣሊያናዊ መስፍን ከሶማሌ ምድር ተነሥቶ ደቡብ ኢትዮጵያን እየተጓዘ እንስሳትና ወፎች ሰበሰበ። በዲሴምበር 1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው መካከል አንዲት አረንጓዴ ወፍ ነበረች፤ ክንፏ ሲከፈት ቀይ፣ የራሷ ጉትያ ነጣ ያለ፣ እጅግ ውብ። እ.ኤ.አ. በ1896 ለሳይንስ ተገልጻ በእሱ ስም የሩስፖሊ ቱራኮ ተባለች። ነገር ግን ወፏ የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን እንደተገኘች የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረም። ስለዚህ መኖሪያዋ ሳይታወቅ አርባ አምስት ዓመት ያህል አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቤንሰን የተባለ እንግሊዛዊ በአሬሮ አካባቢ ደግሞ እስኪያገኛት ድረስ። ዛሬ በገናሌ ዳር፣ በነገሌና በክብረ መንግሥት አካባቢ ሾላ ሲያፈራ ትታያለች። ቦታና ቀን አለመጻፍ ያን ያህል ዘመን አባክኗል።

የዚህ ሳምንት የክበብ ሥራችሁ እንግዲህ ይህ ነው። በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ሀሮ፣ ካሎ፣ የወንዝ ዳር ወይም ትልቅ ዛፍ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ሄዳችሁ በጸጥታ ተቀመጡ። በደብተራችሁ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስም፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የሣሩን ቁመት፣ ያያችሁትን ወፍና ብዛቱን ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁ መልኩንና ጠባዩን ግለጹ፤ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ አክሉ። ደብተሩ ከዓመት ዓመት ለሚተካው ክበብ ይተላለፍ። ዝናቡ ሲዘገይ፣ ወፎቹ ሲቀንሱ፣ ሣሩ ሲመለስ ያ ደብተር ይመሰክራል።

ከመሰናበታችን በፊት ሦስት የመወያያ ጥያቄዎች። አንድ፣ የባሕር በረዶ ሲያረጅ ለምን ጨዉ ይቀንሳል? ሁለት፣ የሊበን ላርክን የሚጎዳው ነገር ከብትን የሚጎዳው እንዴት ነው? ሦስት፣ በእናንተ ቀበሌ ጎብኚ ሲመጣ ሊጠብቅ የሚገባው ሥርዓት ምንድን ነው፣ ማንስ ሊወስነው ይገባል? ሦስተኛውን ከወላጆቻችሁና ከሽማግሌዎች ጋር ተወያዩበት፤ የደረሳችሁበትንም ጽፋችሁ በትምህርት ቤታችሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉት።

አድማጮቻችን፣ አብዛኞቻችን የአርክቲክን በረዶ በዓይናችን አናይ ይሆናል። የሊበን ላርክንና የያቤሎን ቁራ ግን ከዓለም ሕዝብ ሁሉ እኛ እንቀርባቸዋለን። በእኛ ዘመን እንዲኖሩ ወይም እንዲጠፉ የሚያደርገውን ውሳኔ በየቀኑ የምንወስነው እኛ ነን፤ ካሎ በምናጥርበት ቀን፣ ቁጥቋጦ በምንመነጥርበት ቀን፣ መሬት በምናከፋፍልበት ስብሰባ። በሚቀጥለው ሳምንት በቦረና የቱላ ጉድጓዶች የውሃ አስተዳደር ላይ ትምህርት ይዘን እንመለሳለን። እስከዚያው ሰላም፣ ጤና፣ ዝናብና ሣር ይስጠን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)